አጥፍታችሁ አብሩት

በየቤቱ ያልተጻፈ የሥራ ክፍፍል አለ። ብሬከር ሲወርድ የሚያነሣው ይታወቃል፤ ጋዝ ሊያልቅ ሲል የሚነቃው ይታወቃል፤ ኔት ሲቆም ደግሞ ከሶፋው ሳይንቀሳቀስ «አጥፉና አብሩት!» ብሎ የሚያዝ አንድ ሰው አይጠፋም። ትእዛዙ ይፈጸማል። የራውተሩ ሶኬት ይነቀላል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ይሰካል፣ መብራቶቹ ተራ በተራ ብልጭ ይላሉ፣ ኔቱም ይመጣል። «ለምን ሠራ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የጥሪ ማዕከል ብትደውሉም፣ ከብዙ ሙዚቃ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ይኸው ነው።

እኛ ቤት ይህ ሥርዓት ሲበዛብን ጊዜ ምንጩን ፍለጋ ተነሣሁ። ቤታችን ኔት የማይተኛበት ቤት ነው። ትልቋ ልጄ የምትሠራው ለውጭ ድርጅት ስለሆነ ስብሰባዋ እኩለ ሌሊት ላይ ይደምቃል። ታናሽ ወንድሟ ጌም ያወርዳል፤ ማውረዱን መቼ ጨርሶ መቼ እንደሚጫወት አይቼ አላውቅም። አማቴ ከንጋት ጀምረው ቅዳሴና ስብከት በዩቲዩብ ያዳምጣሉ፤ ቢያንቀላፉም ስብከቱ አይቋረጥም። በር ላይ የሰቀልነው ካሜራ ደግሞ ማንም የማያልፍበትን ኮሪደር ቀንና ሌሊት እየቀረጸ ወደማላውቀው አገር ይልካል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው መደርደሪያ ላይ ያለችው የመዳፍ ስፋት ያላት ራውተር ናት።

የራውተር ዘር ሲቆጠር ወደ 1969 ይወስዳል (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በዚያ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ፣ ቢቢኤን የተባለ የማሳቹሴትስ ኩባንያ ለሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ፍሪጅ የሚያክል ግራጫ ብረት አስረከበ። ስሙ አይኤምፒ ነው። ከሃኒዌል ኮምፒዩተር የተሠራ፣ ክብደቱ 400 ኪሎ ገደማ፣ የማስታወሻው አቅም ግን 24 ኪሎባይት ብቻ። ዛሬ በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ አይገባበትም። ሥራው የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር መልእክት ቆራርሶ በስልክ መስመር ወደ ሌላው ማሻገር ነበር።

እኔን የገረመኝ መጠኑ አይደለም። የሥራው አለቃ ፍራንክ ሃርት ለብልሽት የነበረው ጥላቻ ነው። ማሽኑን ለጦር ሜዳ በሚሠራ የብረት ቀፎ አሠራው፤ የፈራው ደግሞ የሶቪየትን ጦር ሳይሆን ነካክተው የሚያበላሹ ተማሪዎችን ነበር። ሰው ሳይጠብቀው እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሱ ይነሣል። ፕሮግራሙ ከተንጠለጠለ ይህንኑ የሚከታተል የውስጥ ሰዓት አለው፤ ራሱን በራሱ ያስነሣል። ከጊዜ በኋላማ ፕሮግራሙ ሲበላሽበት ከጎረቤት አይኤምፒ በመስመር ቅጂ መቀበል ጀመረ። ጥቅምት 29 ቀን 1969 የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ «ሎግኢን» ከሚለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ደርሶ ሥርዓቱ መውደቁን ብዙ ሰው ሰምቷል። የወደቀው ግን ተቀባዩ ኮምፒዩተር ነበር፤ አይኤምፒው ሥራው ላይ ነበር።

እንግዲህ ቅድመ አያቱ የሰው እጅ የማይፈልግ ከነበረ፣ የልጅ ልጁ ምን ነክቶት ነው በየማታው ሶኬት የሚያስነቅለን?

በመካከል ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቢል ዬገር የተባለ ባለሙያ የተለያዩ የግቢውን ኔትወርኮች የሚያገናኝ ሶፍትዌር ጻፈ፤ ሳጥኑም በቀለሙ «ሰማያዊው ሳጥን» ተባለ። እዚያው ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ሌናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር በ1984 ሲስኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ስታንፎርድም በ1987 ሶፍትዌሩን በፈቃድ ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ ራውተር የፈጠሩት ከተለያየ ሕንፃ ደብዳቤ ለመጻጻፍ ነው የሚል የፍቅር ተረት አለ። ደስ ይላል፤ ዬገርን ግን ያስረሳል። ለርነር በ1990 ከገዛ ኩባንያዋ ተባረረች፤ ኋላ የጥፍር ቀለምና ሊፕስቲክ የሚሸጥ ሌላ ኩባንያ መሥርታ ተሳካላት። ራውተር የሚያደርሰውን ብስጭት ለሚያውቅ ሰው ውሳኔዋ አይደንቅም።

የእኛ ቤት ጣጣ የሚጀምረው ግን በ1994 ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነበሩ፤ እንደማይበቁ ያኔውኑ ታይቷል። ስለዚህ ሁለት ባለሙያዎች ብዙ ኮምፒዩተሮች ጥቂት አድራሻ ተጋርተው እንዲወጡ የሚያደርግ ዘዴ አቀረቡ። አንድ የቤት ቁጥር ያለው፣ ውስጡ ተከራይ የሞላበት ግቢ አስቡ። ደብዳቤ ሁሉ የሚወጣውም የሚገባውም በዘበኛው እጅ ነው። ዘበኛው ማን ለማን እንደላከ በደብተር ይመዘግባል፤ መልስ ሲመጣ ደብተሩን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ራውተራችን ቀን ከሌሊት የሚሠራው ይህንን ነው። ባለሙያዎቹ ዘዴውን ያቀረቡት እንደ አጭር ጊዜ መፍትሔ ነበር። «ጊዜያዊ» የተባለ ነገር ዕድሜው ስንት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ችግሩ ደብተሩ ገጹ የተወሰነ መሆኑ ነው። ገጹ ራም የሚባለው የራውተሩ ማስታወሻ ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ብቻ በርካታ መስመር ይጻፋል፤ ቶረንት የሚያወርድ ወጣት ያለበት ቤት ደግሞ መስመሩ በሺህ ይቆጠራል። የብዙ ራውተሮች ሆድ ዕቃ የሆነው ሊኑክስ፣ ካልነኩት በቀር፣ ተከፍቶ ዝም ያለን ግንኙነት 432,000 ሰከንድ ይጠብቃል፤ አምስት ቀን መሆኑ ነው። ሰው ሞቶ ሠልስቱ ወጥቶ እንኳ ደብተሩ ላይ ስሙ አለ። ገጹ ሲሞላ አዲስ መጪ ይመለሳል፤ «ዋይፋዩ አለ፣ ኔት ግን የለም» የምንለው አንዱ ይኸ ነው። ሶኬቱን ስንነቅል ደብተሩ ይቀደዳል። ኔቱ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ አምራቾች ለምን ደብተሩን አያወፍሩትም? በታሪኩ ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ ሳጥን አለ። ሊንክሲስ በ2002 መጨረሻ ያወጣው ደብልዩአርቲ54ጂ፣ ያ ሁለት አንቴና ያለው ሰማያዊና ጥቁር ሳጥን፣ 16 ሜጋባይት ራም ነበረው። በ2003 ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ሳጥኑ ውስጥ ሊኑክስ መኖሩን ሰዎች ደረሱበት፤ ፈቃዱ ስለሚያስገድድም ኮዱ ይፋ ሆነ። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከዚያ ተወለደ፤ ዛሬም ባረጁ ራውተሮች ላይ ነፍስ ይዘራል። በ2005 ግን ኩባንያው በዚያው ስም፣ በዚያው መልክ፣ ራሙን ወደ 8 ሜጋባይት የቀነሰ አዲስ እትም አወጣ። የቀድሞውን የወደደ ደግሞ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል የተጨመረለትን በውድ ይግዛ ተባለ። ካርቶኑን አይቶ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን በምን ይወቅ? ከዚያን ጊዜ ወዲህ የቤት ራውተር የሚሸጠው በውጩ ነው።

ባለፈው አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ለከባድ ሥራ የሚሆን ራውተር ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ይኸ ስድስት አንቴና አለው። ግድግዳ በስቶ ነው የሚያልፈው።»

«ራሙ ስንት ነው?»

«ራም... ኮምፒዩተር ነው እንዴ የፈለጉት?»

ልጁ አልዋሸኝም፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የነገረኝ። በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት ነው፤ እሱም የሁሉንም ሞገድ ድምር ይዞ በላብራቶሪ የሚገኝ ነው። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን ይወቅ፤ እነዚያን ሦስት ደግሞ መላው ብሎክ ይሻማባቸዋል። 5 ጊጋኸርዝ ያለውን መግዛትና የማይንቀሳቀስ ዕቃን፣ ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕን፣ በኬብል ማሰር ከስድስት አንቴና ይሻላል።

ልጄ በስብሰባ መካከል ድምፅዋ የሚቆራረጠው ግን በራምም በአንቴናም አይደለም። ይህን ያፈረጠው ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ ነው። በ2010 ቤቱ ትልቅ ፋይል ሲያስተላልፍ ሌላው ነገር ሁሉ ለምን እንደሚንቀራፈፍ መረመረ፤ ጥፋቱንም ሳጥኖቹ ውስጥ በተደረደረ ወረፋ አገኘው። አምራቾች ምንም ፓኬት፣ ማለትም የመልእክት ቁራጭ፣ እንዳይጠፋ ብለው ሰፊ ማቆያ ሠርተዋል፤ የአንዱ ስልክ ፎቶ ወደ ጎግል ሲጫን ማቆያው ይሞላና ትንሿ የድምፅ ፓኬት ከኋላው ትሰለፋለች። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲለካ ደህና ነው፤ ሰው ግን አይሰማም። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን የተባሉ ባለሙያዎች ወረፋውን የሚያሳጥር ስልት ይፋ አደረጉ። ዛሬ በጥሩ ራውተሮች ላይ «ኤስኪውኤም» በሚል ስም ይገኛል። ሲከፈት የመስመሩን ፍጥነት ከእውነተኛው አሥር በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ መሙላት ነው። ገንዘብ ከፍዬበት የማልቆጨው ነገር ቢኖር ይኸ ነው።

የተረፈው ሙቀትና መብራት ነው። አንድ ምሽት እጄን ራውተሯ ላይ ባሳርፍ እንደ ምጣድ ትፋጃለች። ላይዋ ላይ አማቴ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል።

«እማማ፣ ይቺ እኮ አየር ትፈልጋለች፤ ታፈነች።»

«ዳንቴል ቀዳዳ አለው አይደል እንዴ ልጄ? በዚያ ትተንፍስ። አቧራ ትልበስ ነው የምትለኝ?»

መልስ አጣሁ። በሽምግልና ዳንቴሉ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ አሁን ምንጣፏ ነው። በውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች በየአሥር ዲግሪው ሙቀት ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር መሐንዲሶች ይገምታሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚደክመው አዳፕተሩ ነው፤ ራውተር በየሰዓቱ ራሱ እየጠፋ ከበራ ከመጣላችሁ በፊት አዳፕተር ለውጡ። መብራት ሲሄድ ራውተሩን የምታቆየውን ትንሿን ዩፒኤስ ስትገዙም ቮልቱ ከራውተራችሁ ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ፋይበር የገባበት ቤት ከሆነ ግድግዳ ላይ ያለችው የፋይበር ሳጥንም አብራ ካልተሰካች ዋጋ የለውም።

«አጥፉና አብሩት» በመንግሥት ደረጃ የታወጀበት ጊዜም አለ። በግንቦት 2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ቫይረስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን መያዙ ሲታወቅ ኤፍቢአይ ሕዝቡን ራውተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ አለ። ያ ሁሉ መርማሪ፣ ያ ሁሉ በጀት፣ ከእኛ ሶፋ ላይ ከሚያዘው ሰው ጋር አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ማጥፋቱ ቫይረሱን ያዳክመዋል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም ነበር፤ ሥሩን የሚነቅለው ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት መመለስ ነው፤ ዳግም እንዳይገባ የሚከላከለው ደግሞ አምራቹ የሚልከው እድሳት ነው። አምራቹ የረሳውን ራውተር ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ስለዚህ አያዋጣም።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት 256 ሜጋባይት ራም ያለው፣ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚቀበል፣ ሆዱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ አንቴናው የማይታይ ሳጥን ነው። የአገልግሎት ሰጪው ሳጥን ፋይበሩን ብቻ እንዲቀበል ትቼ ሸክሙን ለዚህ ሰጠሁት። ቤተሰቡ መልኩን አልወደደውም።

አስመጪዎችና ባለሱቆች፣ አንድ ልመና አለኝ። አንቴናውን እኛው እንቆጥረዋለን። እናንተ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ሁለት መስመር ለጥፉልን፤ ራሙ ስንት እንደሆነና አምራቹ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚያድሰው።