የሶዶው ሶኬት

ለዘመድ ኒካህ ወደ ወላይታ ሶዶ ያደረግነውን ጉዞ ላጫውታችሁ። ስለ ሙሽሮቹ ግን አይደለም፤ ባረፍንበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስላለው ሶኬት ነው።

የተከራየናት ሚኒባስ ዘጠኝ ሰው ከነጓዙ ይዛ በማለዳ ከአዲስ አበባ ወጣች። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናትና ኢንሱሊኗ በአንዲት ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጅዋ በመንገድ ላይ ከመኪናው ባትሪ በ12 ቮልት ትሠራለች፤ ቤት ሲገባ ደግሞ በአዳፕተር ከግድግዳ ትሰካለች። ቡታጅራንና ሆሳዕናን አልፈን ወደ አረካ ስንቃረብ ግራ ቀኙ እንሰት በእንሰት ሆነ። ልጆቹ የአጆራን መንትያ ፏፏቴዎች ካላየን ብለው ቢያስቸግሩም እናቴ «መጀመሪያ መድኃኒቴን አድርሱልኝ» አለች።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ተራራው ወደ 2900 ሜትር ከፍ ስለሚል አመሻሹ ላይ ነፋሱ ያስደስታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከተማይቱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ እንግዳው በርክቷል፤ ማረፊያ ያገኘነውም በስንት ፍለጋ ነው።

ፍሪጅዋን ሰካን። ከመግሪብ በኋላ መብራት ሄደ። ዒሻን ሰግደን ስንመለስ መጣ፤ አሮጌው አምፖል ከልክ በላይ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፤ ወዲያው ከአልጋው ራስጌ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። አዳፕተሩ ነዷል። ሹፌራችን ሚኒባሷን ይዞ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል፤ እስከ ጧት አይመለስም። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ አራቱን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያወጣች በመሐረቧ ላይ ደረደረቻቸው።

ያዳነችን የቤቱ ባለቤት ናት። ከገበያ የገዛችውን የሸክላ ማሰሮ አመጣች። ብልቃጦቹን ውኃ እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቅልለን ከተትን፤ ማሰሮውን በራሰ ጨርቅ አልብሰን ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር አኖርነው። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ፍሪጅን አይተካም፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ለረዥም ጊዜ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ተከፍቶ የተጀመረው ግን፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ለአንድ ሌሊት መደንገጥ አልነበረብንም። (በፍርሃት በረዶ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ የቀዘቀዘና የረጋ ኢንሱሊን ግን ተበላሽቷል።)

በማግሥቱ የሙሽራው አጎት፣ በሙያቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑት፣ አዳፕተሩን ከፍተው አዩና «ልጄ፣ እዚህ ኃይል ጠፍቶ እንዳይመስልህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የማስተላለፊያ መስመሩም ሶዶ ይደርሳል። በሶዶ ያለው መቀየሪያ ጣቢያ በበኩሉ ኤሌክትሪኩን በ500 ኪሎ ቮልት፣ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ አሻግሮ፣ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ይልካል። ሽያጩ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ጉልበት በደጃፏ በሚያልፍባት ከተማ የእኔ አዳፕተር ለምን ነደደ?

ችግሩ፣ አሉ፣ ከመንደሩ ትራንስፎርመር እስከ ሶኬቱ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 አለ። በምሰሶው ላይ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ ሲላላ ሚዛኑ ይፋለሳል፤ የአንዱ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ ጎረቤቱ ወደ 380 የተጠጋ ኃይል ሊቀበል ይችላል። መብራት ሲመለስ፣ ከጄኔሬተር ወደ መስመር ሲዛወር፣ በአካባቢው መብረቅ ሲወርድም ኃይሉ ለቅጽበት ይዘላል።

ከኪሳቸው ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የቮልት መለኪያ አውጥተው ክፍላችን ውስጥ ሰኩት። 251 አለ። «እንግዳ ቤት ስትገቡ ከሻንጣ በፊት ይህ ይግባ» አሉ። «መብራት ሲሄድም ሻማ ከመፈለጋችሁ በፊት ሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ታገሡ።» ትዕግሥቱ በተለይ ለቤት ፍሪጅ ነው፤ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይረጋጋ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ይጨነቃል።

እኔ ዲቫይደሬ ላይ ቀይ መብራት ስላለው ጠባቂ ይመስለኝ ነበር! ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ተራ ዲቫይደር የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ለሚለው ኃይል ደኅና ነው፤ ለድንገተኛው ዝላይ ግን ይዘገያል። ለእኛ ዓይነቱ መንገደኛ የሚበጀው ቮልቱ ሲበዛም ሲያንስም ራሱ ቆርጦ፣ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚመልሰው መከላከያ ነው። መብረቅ ሲያጉረመርም ግን እሱንም ከነዕቃው መንቀል ነው። የምድር ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ ደግሞ ከመብረቅ እከላከላለሁ የሚለው ዕቃ ሁሉ ከግማሽ በላይ ለስም ነው።

ፍሪጅዋ ራሷ ተርፋለች። ስንመለስ ከሚኒባሷ ባትሪ ጋር አገናኘናት፤ ልጆቹም አጆራን አዩ። እናቴ ከመኪናው አልወረደችም። ባለቤቲቱ የሰጠቻትን ማሰሮ እንዳይሰበርባት ታቅፋ ከመስኮቱ ሆና ታያቸው ነበር።