በእሳት ዳር የተቀመጠው ፕላኔት

እኛ ከሰቆጣ የመጣን ተማሪዎች አንድ ዕዳ አለብን። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፤ የጥያቄ ነው። ባለዕዳ ያደረጉንም የአንዳችን አያት፤ ሁላችን እማማ የምንላቸው፤ ፊደል ያልቆጠሩ የዋግ ባልቴት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ወደ አገራችን ገብተን ነበር። እሑድ ሰኔ 14 ቀን ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች፤ ከእኛ በስተደቡብ በላሊበላም ፀሐይ ቀለበት መስላ ታየች። እኛም በእማማ ደጃፍ ወንፊት ዘርግተን፤ በቀዳዳዎቹ ያለፈው ብርሃን መሬት ላይ እንደ ማጭድ የቀጠኑ ትንንሽ ፀሐዮችን ሲሥል እያሳየን፤ የሁለት ዓመት ትምህርታችንን ዘረገፍነው። እማማ ዝም ብለው አዳመጡና፦

«ከዋክብቱም ፀሐዮች ናቸው ካላችሁ፤ እነሱንስ የሚጋርዳቸው የላቸውም?» አሉ።

እኛ ተያይተን ሳቅን። «እማማ፤ እጅግ ሩቅ ናቸው፤ ቢኖርስ ማን ያየዋል?» አልናቸው። እሳቸውም «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

ትምህርት ተከፍቶ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ግን ሳቃችን አሳፈረን። ኦቶ ስትሩቭ የተባሉ የከዋክብት ሊቅ በ1945 ዓ.ም. ገደማ፤ ግዙፍ ፕላኔት ለኮከቡ እጅግ ተጠግቶ ሊዞር እንደሚችል፤ ካለም ኮከቡን ሲወዘውዘው ወይም ሲጋርደው ሊታወቅ እንደሚችል ጽፈው ነበር። ነገር ግን ሐሳባቸውን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ነበር። ምክንያቱም ሊቃውንቱ የሚያውቁት ቤት አንድ ብቻ፤ ይኸውም የራሳችን ፀሐይ ቤት ነበር። በዚህ ቤት ትንንሾቹ ምድጃውን ይከባሉ፤ ግዙፎቹ ርቀው ይቀመጣሉ። ጁፒተር ከፀሐይ 778 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ12 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራል። አንድ ቤት ያየ ሰው የዓለምን ቤት ሁሉ እንዲሁ ይመስለዋል።

በ1988 ዓ.ም. ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ ሁለት ስዊሳውያን ይህን ግምት አፈረሱት። 50 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው፤ 51 ፔጋሲ በተባለው ኮከብ ዘንድ፤ ክብደቱ የጁፒተርን ግማሽ የሚያህል ፕላኔት አገኙ። ከኮከቡ የሚርቀው 8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዙሩንም በ4 ቀን ከሩብ ገደማ ይጨርሳል። የእኛ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ በዚያ ፕላኔት አቆጣጠር ግን ከ9 ዓመት በላይ ሆኖት ይነሣ ነበር። የዐቢይ ጾም 55 ቀንም 13 ዓመት ይሆን ነበር፤ ጾመኛ ይታገሠው!

በ1992 ዓ.ም. ደግሞ እንዲህ ያለ ሌላ ፕላኔት በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑን ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ሲቀንሰው ታየ። የእማማ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር። እኛ ስንስቅባቸው መልሱ ከተገኘ 20 ዓመት ሆኖታል!

ጦርነቱ ዋግ ደርሶ መንገድ ስለ ተዘጋ ይቅርታችን ዘገየ። ሳንነግራቸው እንዳይቀሩብን እየሠጋን ከረምን። መንገዱ ተከፍቶ ስንደርስ እማማ በሕይወት ቆዩን፤ ቡናም ተፈላ። ጥፋታችንን ተናዘን መልሱን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና «ቅቤ ለእሳት ሲቀርብ ይቀልጣል፤ እሱ ታዲያ እንዴት ኖረ?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ገደማ እንደሚሆን፤ ነገር ግን የገዛ ክብደቱ አየሩን አጥብቆ እንደሚይዘው፤ ከእንዲህ ያሉት ፕላኔቶች አንዳንዶቹም ጥቂት በጥቂት ሲተንኑ እንደ ታዩ አስረዳን። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያስቡትም የተወለደው ከኮከቡ ርቆ ነው፤ ወደ እሳቱ የተጠጋ ኋላ ነው አልናቸው።

«እንደ እናንተ ነዋ፤ ከተማ ለከተማ!» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ አንድ የምሥራች ጨመርን። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአንድ ሩቅ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንድታወጣ ተፈቅዶላት፤ ኮከቡ «ቡና»፤ ፕላኔቱ «አቦል» ተብለዋል። አቦል ከጁፒተር ከ4 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ሆኖም እንደ ፊተኛው እሳት ዳር አይደለም፤ ኮከቡን ለመዞር 990 ቀን ያህል ይወስድበታል። እማማ ሲኒውን እንደ ያዙ ቀና ብለው «ቶናውና በረካውስ?» አሉን።

«እማማ፤ የተገኘው አቦል ብቻ ነው» አልን።

«እንግዲያማ ፈልጓቸው እንጂ፤ በአቦል ብቻ የሚነሣ እንግዳ አለ?»

ውድ ጓደኞቻችን፤ ለክረምት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ያወቃችሁትን አስተምሩ። ነገር ግን የወላጆቻችሁን ጥያቄ በሳቅ አትዝጉት። እኛ አንዱን ዕዳ ከፍለን ሌላ ተበድረን ተመልሰናል።