ሦስት ሰዓት በአንድ መዝገብ

ለዲጂታል ማስረጃ ሥልጠና አዳማ ስንጠራ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁን ያላነበበ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ብዙዎቻችን አሥምረንበት፣ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ጽፈንበት ይዘን ነበር የመጣነው። አዋጁ የሚናገርለት ነገር በስልክ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚወጣና በየት በኩል እንደሚበላሽ ግን ያሳየን ሰው አልነበረም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1954 ነው። ብርበራና መያዝ ሲል በእጅ የሚጨበጥ ዕቃ እያሰበ ነው። እኛ ደግሞ ስርቆቱም፣ ማታለሉም፣ ድብደባውም ከስልክ ጋር ተያይዞ የሚመጣበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

አዳራሹ ውስጥ ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ተከላካይ ጠበቆች ተቀላቅለን ተቀመጥን። እኔ ተከላካይ ጠበቃ ነኝ። ደንበኞቼ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት መንግሥት ጠበቃ ያቆመላቸው፣ የራሳቸውን ባለሙያ ቀጥረው ስልክ የሚያስመረምሩበት አቅም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ያለኝ መሣሪያ መስቀለኛ ጥያቄ ብቻ ነው። ምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ ጠበቃ ደግሞ የባለሙያውን ሪፖርት ተቀብሎ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

አሠልጣኙ በመጀመሪያ «ገንዘቡን ለዓለሙ ሰጠሁት» የሚል አንድ መስመር ጽፎ በፋይል አስቀመጠ። ሻ 256 በሚባለው ስሌት ሃሽ የሚባለውን የፋይሉን አሻራ አወጣና 64 ፊደልና ቁጥር ተደርድሮ ግድግዳው ላይ ታየ። ቀጥሎ ዐይኑን «ዓ» አጥፍቶ በአልፋው «አ» ተካና ዳግመኛ አሰላ። ሲነበብ ያው ነው፤ ድርድሩ ግን ሙሉ በሙሉ ሌላ ሆነ። ከስልክ አንድ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ አንዲት ፊደል ብትነካ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እግረ መንገዱን ሌላም ነገር አስተዋልን። መርማሪው በስልክ ውስጥ «ዓለሙ» ብሎ ቢፈልግ «አለሙ» ተብሎ የተጻፈው መልእክት ሊያመልጠው ይችላል። በላቲን ፊደል የተጻፈውማ ጨርሶ አይገኝም። የምርመራ ሶፍትዌሮቹ ሌላ አገር የተሠሩ ናቸው፤ ሞክሼ ፊደሎቻችንን ማን ያስተምራቸዋል?

በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንዲት ዳኛ እጃቸውን አወጡ። «ቅጂው በተወሰደበት ሰዓት ይህ ድርድር ካልተመዘገበ፣ ዛሬ ችሎት ፊት ብታሰሉልኝ ምን ይጠቅመኛል?» አሠልጣኙ ጥቂት አሰበና፣ «ክብርት ዳኛ፣ ከተሰላበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ብቻ ይመሰክራል። ከዚያ በፊት ለሆነው ምስክር አይሆንም» አላቸው። ዳኛዋ ይህን ቃል በቃል ሲጽፉት አየሁ። አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃውን ትክክለኛነት የማስረዳት ሸክም ማስረጃውን በሚያቀርበው ወገን ላይ ይጥላል። ያ ሸክም በተግባር ምን እንደሚመስል የገባኝ በዚያ ጥያቄ ነው።

አዳራሹን የለየለት ክርክር ውስጥ የከተተው ግን የሰዓት ነገር ነው። ለልምምድ የተሰጠን ሪፖርት አንድ የዛቻ መልእክት የተላከው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019፣ 21፡30 ላይ ነው ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ዐቃቤ ሕግ ወዲያው «ከምሽቱ 3፡30» ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱ ግን በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት የተዘጋጀ ነበር፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ በተቀባዩ ስልክ ላይ መልእክቱ የሚታየው ሴፕቴምበር 12፣ 00፡30 ተብሎ ነው። በእኛ ከሌሊቱ 6፡30 መሆኑ ነው። ቀኑስ? በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 የ2012 መስከረም 1 ነው። የአካባቢው ሰው ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ ግን «ጳጉሜን 6 ለመስከረም 1 አጥቢያ» ይላል፤ ጸሐፊው ቸኩሎ ጳጉሜን 6ን ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ዓመቱም 2011 ይሆናል። የተላከው መልእክት አንድ ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ቀንና ሁለት ዓመተ ምሕረት ሊሰፍርበት ይችላል። የሌሊት ዘብ ሆኖ ከምሽቱ 3፡30 ላይ ሥራ ቦታው እንደነበረ በሰው ምስክር ማስረዳት የሚችል ተከሳሽ፣ ለ6፡30 ምስክር ባይኖረውስ? ወይም በተቃራኒው ቢሆን? በዚህች የሦስት ሰዓት ልዩነት ሰው ሊታሰር፣ ሊፈታም ይችላል። ከምሳ በኋላ ሊሰጥ የታሰበው ትምህርት ቀርቶ በዚሁ ነገር ዋልን፤ ደግም ሆነ።

ስለ ስልክ ጥሪ ዝርዝር የተማርነው አጭር ነበር፤ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣና የትኛው የኔትወርክ ማማ እንዳስተናገደው ያሳያል፣ ስልኩን ማን እንደያዘው አያሳይም።

ከዚያ በኋላ በማታለል የተከሰሰ አንድ ወጣት ወክዬ ቆምኩ። ማስረጃው ከስልኩ ወጥቶ የታተመ የመልእክት ሪፖርት ነበር። ባለሙያው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ዋና ጥያቄው እንዳለቀ፣ ሪፖርቱ በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደተዘጋጀ፣ ስልኩ ከተያዘ በኋላ ከኔትወርክ ተለይቶ እንደነበር፣ እስኪመረመር ድረስም በማን እጅ እንደቆየ ጠየቅሁት። ባለሙያው በቅንነት መለሰ። ሰዓቱ ዩቲሲ ነው፤ ስለ ቀሪው ግን ስልኩ እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የነበረውን እንደማያውቅ ተናገረ። ዐቃቤ ሕጉ ሲነሳ ጥያቄዬን የሚቃወም መስሎኝ ነበር። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰዓቱ ተስተካክሎ እንዲቀርብ እኛም እንስማማለን» አለ። አዳማ ላይ «ከምሽቱ 3፡30» ብሎ የጻፈው ያው ሰው ነበር። ዳኞችን፣ ዐቃብያነ ሕግንና ጠበቆችን ለየብቻ ቢያሠለጥኑን ኖሮ ያ ቃል በዚያ ችሎት ይነገር ነበር ብዬ አላምንም።

ፍርድ ቤቱ ሪፖርቱ በአገራችን ሰዓትና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ፣ ከስልኩ የርክክብ ሰነድ ጋር እንዲቀርብ አዘዘ። በቀጠሮው ሰነዱ ሲቀርብ የመጀመሪያው ፊርማ ስልኩ ከተያዘ ከሳምንታት በኋላ የተፈረመ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ በምን ሁኔታ እንደቆየ የሚያስረዳ አንድም ወረቀት የለም። ስልኩን ከወጣቱ ኪስ ያወጣው ፖሊስ ግን እኛ የተማርነውን የሚማርበት ዕድል ማንም አልሰጠውም። ቀጣዩ ሥልጠና በየፖሊስ ጣቢያው፣ ከፖሊሶቹ ጋር እንዲሆን፣ ሃሽና የሰዓት ልወጣም ከመጀመሪያው ቀን እንዲካተቱ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።