ክረምት በምጽዋ
ከአሥመራ 2,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ምጽዋ ለሚደርስ መንገደኛ ወራቱ ይገለበጡበታል፤ ደጋው በሐምሌ ዝናብ ሲርስ በዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አየሩ እርጥበት ስላለው ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ኮትና ከረባት (ለሹመት የቱንም ያህል ቢያምሩ) ከባድ ሸክም ናቸው። በጉርጉሱም ዳርቻ ወፍራሙም ከሲታውም ሳይተፋፈር ይዋኛል፤ የሌላውን ገላ የሚያደንቅም የሚነቅፍም የለም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባችን ግን በቦርጫቸው አፍረው፣ ኮታቸውን እንደ ቆለፉ ጥላ ሥር ዋሉ። ልጆቻቸው ከባሕሩ ውስጥ «አባባ፣ ይምጡ እንጂ!» እያሉ ይጣራሉ። እንደ እኔ አስተያየት ገላን መውደድ ግዴታ አይደለም፤ እነዚያን ልጆች አዝሎ ያሳደገ ትከሻ መሆኑን አውቆ እንደ ተፈጠረ መተው ይበቃል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። በማግሥቱ ኮቱ ከሆቴሉ አልወጣም።