ቤትን ተሸክሞ መጓዝ

ቤቱን ተሸክሞ የሚጓዝ ቀንድ አውጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን እኔና ባለቤቴ መኝታና ማድቤት ያለው መኪና ተከራይተን፣ ከማርሴይ በጄኖቫ በኩል እስከ ሮማ ተጓዝን።

በሮማ ከልጅነቴ ጀምሮ ያላየኋቸውን አጎቴን አገኘኋቸው። ባለቤቴ በመኪናው ውስጥ ቡና አፍልታ ካጠጣቻቸው በኋላ፣ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ወሰዱን። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ለብዙ ዘመን የቆመው በዚያ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ስፍራው ዳግመኛ ቆሟል።

አጎቴ ስፍራውን በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ድንጋዩስ አገሩ ገባ» ብለው ዝም አሉ። «እርስዎስ መቼ ይመጣሉ?» ለማለት አስቤ፣ ፊታቸውን ባየሁ ጊዜ ቃሉ ከአፌ ቀረ።

እኛ ቤታችንን ተሸክመን የተጓዝነው ለሦስት ሳምንት ነው፤ እርሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት ተሸክመውት ኖረዋል።