በሶማሌ ተራ ለቮልስ ባትሪ ፍለጋ

አንባቢ ሆይ፤ መርካቶ ከገቡ በኋላ ሶማሌ ተራን ለማግኘት ብዙ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። የጎማና የዘይት ሽታ ይመራዎታል። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደዚህ አዛወሩት። ዛሬ በዚህ ሰፊ ገበያ ሸማው ለብቻ፥ ቆርቆሮው ለብቻ ተራ ሲኖረው፥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሠፈር ይህ ነው። በርና መብራት፥ መስተዋትና መሪ በየደጁ ተሰቅሎ ይታያል። ደላላውም ምን እንደሚፈልጉ ተናግረው ሳይጨርሱ «አለ!» ይልዎታል።

ታዲያ አሮጌ ቮልስ ያለዎት እንደ ሆነ «የቮልስ ባትሪ ስጠኝ» ብለው በስም ብቻ አይጠይቁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ቮልስ በ6 ቮልት የሚሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ወደ 12 ቮልት ተሻግሯል። ለመለየት የአሮጌውን ባትሪ ክዳኖች ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፥ ሦስት ክዳን ያለው 6፥ ስድስት ክዳን ያለው 12 ነው።

ሰው ቮልቱን እንኳ ይጠይቃል፤ የሚዘነጋው ቁመቱን ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላው ወንበር ሥር በስተቀኝ ሲሆን፥ ከበላዩ ያለው የወንበሩ የብረት ሞላ ነው። ረጅም ባትሪ ቢገባም ወንበሩ ይከደናል፤ ለጊዜው ምንም አይታይም። አንድ ቀን ግን ሦስት ወፋፍራም ዘመዶች ለሠርግ ተጭነው ሲሄዱ ሞላው ይረግባል፤ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ያገናኛል። ብረቱ ይግላል፤ የወንበሩም ሙሌት ይቀጣጠላል። ይህ ተረት አይደለም፤ በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ።

በገበያው ርዝመታቸው 20.7፥ ስፋታቸው 17.5 ሳንቲሜትር የሆነ ሁለት የአውሮፓ ዓይነት ባትሪዎች ያገኛሉ። ጎን ለጎን ካልተቀመጡ በቀር መንታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ቁመት 17.5፥ የሌላው 19 ነው። ባለ 12 ቮልት ለሆነው ቮልስ የሚስማማው አጭሩ ነው። ነጋዴው «ይኸም ይገባል» ቢልዎት እውነቱን ነው፤ መግባቱንማ ይገባል!

ለቶዮታ የሚሆነው የጃፓኑ ባትሪ ደግሞ መጠኑን በራሱ ላይ ጽፎ ይመጣል። 55ቢ24ኤል የሚል ቢያነቡ፥ 55 የጉልበቱ ደረጃ፥ «ቢ» የስፋቱና የቁመቱ ዓይነት፥ 24 በሳንቲሜትር የርዝመቱ ግምት፥ «ኤል» የፖዘቲቩ ጫፍ ያለበት ወገን ነው። ጫፎቹ ከአውሮፓው ቀጠን ስለሚሉ የቮልስ ሽቦ መያዣ አጥብቆ አይይዛቸውም።

ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ወንበሩን አንሥተው አሮጌውን ባትሪ በሜትር ይለኩ። ሜትር ከሌለ ሲባጎ ይበቃል፤ ለርዝመት፥ ለስፋትና ለቁመት ሦስት ቋጠሮ ያሥሩበት። ባለሱቁ ይሥቅ ይሆናል፤ ሲባጎውን ግን ዘርግተው ይለኩበት። ባትሪው ከገባም በኋላ የጫፎቹን መሸፈኛ አይርሱ። አሮጌው እርሳስና አሲድ ስላለበት ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁት፤ ለእርሳሱ ሲል የሚገዛዎት አይጠፋም።