የዘብዴዎስ ልጆች እናት እና የ11ኛ ክፍል ምደባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መስከረም ገብቶ የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ ባሉት ቀናት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ከሌላው በር ሁሉ ይልቅ ወላጅ የሚሰለፍበት አንድ በር አለ። በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል፤ ተማሪዎቹ ግን «ጋይዳንስ» ይሉታል። ሰልፉ ላይ ቆሞ ጥቂት ያዳመጠ ሰው ጥያቄው ምን እንደሆነ ወዲያው ይረዳል። «ልጄ ሶሻል ተመድቦብኝ ነው፤ ወደ ናቹራል ይዛወርልኝ።» «ልጄ ያለችበት ሴክሽን ረባሽ በዝቶበት ነው።» «የቅዳሜና የእሑዱ ማጠናከሪያ ሰዓት ይቀየርልን።» ከእነዚህ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረችው «ተመድቦብኝ» የምትለው ቃል ናት። የተመደበው ልጁ ነው፤ የደረሰበት የሚመስለው ግን አባትየው ነው። ቋንቋችን የወላጅን ልብ እንዲህ አድርጎ ያወጣዋል።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቁ ጥቂት ልበል። ተማሪዎች 10ኛ ክፍልን ሲጨርሱ በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ይከፈላሉ። የምርጫ ቅጽ ይሞላሉ፤ ትምህርት ቤቱም ምርጫቸውን፣ ውጤታቸውንና ያለውን የክፍል ብዛት አይቶ ይመድባቸዋል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛና የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሒሳብም ለሁለቱም አለ፤ ይዘቱ ግን በየመስኩ ይለያያል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ወደ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሌላው ወደ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይሄዳል። ስለዚህ በ15 እና በ16 ዓመት ዕድሜ የሚሞላ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ነገር ይወስናል። ስሕተት ካለበት የሚታረመው በመስከረም ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ ከገፋ በኋላ የሚመጣ ወላጅ የሚሰማው «አልፏል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

የወላጅ ፍርሃትም ከምንም የተነሣ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን መንግሥት በወሰነ ጊዜ፣ «ሶሻል የደካማ ነው» የሚለው አባባል በየቤቱ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ከዚያ የ2014 ዓ.ም. ፈተና መጣ። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠው በዚያ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመስክ ሲከፈል ደግሞ ከተፈጥሮ ሳይንስ 6.8 በመቶ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ 1.3 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አጠቃላይ ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች የሰማ አባት ልጁን ወደ ናቹራል ቢገፋ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ቁጥሩ በአግባቡ ሊነበብ ይገባል። በየትምህርት ቤቱ ውጤታቸው ከፍ ያለ ልጆች ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ እንዲሄዱ ስለሚመከሩ፣ ልዩነቱ የመስኩ ብቻ ሳይሆን ወደ መስኩ የገቡት ልጆችም ልዩነት ነው። አንድን ልጅ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማሻገር ከ1.3ቱ ወደ 6.8ቱ ማሻገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ አንድ ቅዳሜ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ፣ የአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ አባት ፈለጉኝ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው መንገድ ዳር አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት አላቸው፤ ለዓመታት ያዩት የበየዳ ብርሃን ዓይናቸውን አድክሞታል። የእርሳቸውንም የልጃቸውንም ስም አልጠራም፤ ነገሩን እንድጽፈው ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል።

«ልጄ ሳታማክረኝ ሶሻል ሞልታ፣ እዚያው ተመደበች» አሉኝ። «ሰኞ ጋይዳንስ ዘንድ እሄዳለሁ። አንተም አብረኸኝ ሂድ፤ አንተን ትሰማሃለች።»

ማመልከቻውን አስጽፈው፣ በአራት አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውታል። ልጅቷ በፊዚክስም በሒሳብም ጎበዝ ናት። እርሳቸው ትምህርት ያቆሙት 8ኛ ክፍል ላይ ነው። «እሷን ነጭ ጋወን ለብሳ ባያት በቃኝ» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሰኞ ሦስት ሆነን ሄድን። ለትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ያሉት አንዲት የምክር አገልግሎት መምህርት ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የተቆለለው ማመልከቻ ብዛቱ ያስፈራል። የአባትየውን ቃል እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አላቋረጧቸውም። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አዞሩና፣ «አንቺስ፣ ቅጹን ስትሞይ ምን አስበሽ ነው?» አሏት።

«አባዬ ካለ እቀይራለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሏት፤ በቁጣ አልነበረም። ልጅቷ ግን ዝም አለች።

መምህርቷ ማመልከቻውን አልፈረሙበትም፤ አልመለሱትምም። ከጠረጴዛው መስተዋት ሥር አስገቡትና፣ «እስከ ዓርብ ጊዜ አለን። ዓርብ ሁለታችሁ ብቻ ኑ» አሉ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በር ስንወጣ ትዝ ያለኝ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፈው የዘብዴዎስ ልጆች እናት ታሪክ ነው። ልጆቿን አስከትላ ወደ ጌታችን መጣች፤ ሰገደች፤ በመንግሥቱ አንዱ በቀኙ ሌላው በግራው እንዲቀመጡላት ለመነች። በእኛ ዘመን ቋንቋ የምደባ ጥያቄ ነው። ይህችን እናት ብዙ ጊዜ የሥልጣን ጥመኛ አድርገን እንሰብክባታለን። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የማየው መንገዱን ነው፤ ልጆቿን ይዛ የመጣችው ወደ ትክክለኛው ደጅ ነው። ጌታም ስለመጣች አልነቀፋትም፤ ምን እንደምትሻ ጠየቃት እንጂ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡት። የለመነችው እናት ናት፤ መልሱ ግን ወደ ልጆቹ ዞረ። የሚለምኑትን እንደማያውቁ ነገራቸው፤ እርሱ የሚጠጣውን ጽዋ መጠጣት ይችሉ እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቃቸው። እንችላለን ያሉትም በገዛ አፋቸው ነው። ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 10 ይህንኑ ሲጽፍ እናቲቱን አያነሣትም፤ ለማኞቹ ያዕቆብና ዮሐንስ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ወንጌላት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው በአንድ ቤት ውስጥ የእናት ምኞት የት ላይ አብቅቶ የልጅ ምኞት የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ ያያል። በመጨረሻ ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ ዐረፈ፤ ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ተጋዘ። ጽዋው ደረሳቸው፤ የደረሳቸው ግን እናታቸው በልቧ በሣለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነበረም።

እኛ ኦርቶዶክሳውያን ምልጃን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስለ ሌላው መቆም፣ ስለ ሌላው መለመን ደማችን ውስጥ አለ። ስለዚህ «ወላጅ በልጁ ትምህርት ጣልቃ አይግባ» የሚለውን ዘመን አመጣሽ ምክር አልቀበለውም። ልጁ በ16 ዓመቱ ብቻውን እንዲወስን የሚተው አባት ነፃነት ሰጠው ብዬም አላመሰግነውም። ነገር ግን የሚያማልድ ሰው አስቀድሞ የሚያማልድለትን ሰው ልመና መስማት አለበት። ስእለት እንኳ ሲሳል «ለማን? ስለ ምን?» ይባላል።

ወደ አባትየው ልመለስ። ረቡዕ ማታ ወደ ቤቴ መጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣም ደስታም አልነበረም። ልጅቷ በመጨረሻ ተናግራለች። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏት፣ አባትና እናቷ የቤት ኪራዩን፣ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪና የብረት ዋጋ መወደዱን ሲያሰሉ ሰምታ ኖሯል። የናቹራል ተማሪዎች ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ አስጠኚ እየከፈሉ እንደሚማሩ ከጓደኞቿ ታውቃለች። ሶሻልን የሞላችው ለዚህ ነው። «እኔ ደፈረችኝ ብዬ ነበር» አሉ አባቷ፤ «እሷ ለካ ለእኔ አዝናብኝ ነው።»

ይህንን የትኛውም ማመልከቻ አይጽፈውም። ሰኞ ዕለት መምህርቷ ፈርመው ቢያሰናብቷቸው ኖሮ ልጅቷ ወደ ናቹራል ትዛወር ነበር፤ አባቷ አሸነፍኩ ይሉ ነበር፤ ያ የሌሊት ስሌት ግን ልጅቷ ላይ እንደተጫነ፣ በየወሩም በአስጠኚ ክፍያ ስጋት እየከበደ ይቀር ነበር። ዓርብ ሁለቱ ብቻ ሄዱ። አዲሱን ማመልከቻ የጻፈችው ልጅቷ በገዛ እጇ ነው፤ አባቷ ከሥር ፈረሙ። ያመለጣትን የሁለት ሳምንት ትምህርት ከጓደኞቿ ደብተር ገለበጠች። የአስጠኚውም ነገር መላ አላጣም፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከመዝሙር ጥናት በፊት፣ ያለ ክፍያ ማስጠናት ጀመሩ። አሁን ሰባት ልጆች ይማሩበታል።

ከዚህ ተነሥታችሁ «ስለዚህ ናቹራል ይሻላል» እንዳትሉ። በዚያው ሳምንት ሌላ እናት ልጃቸውን ከሶሻል ሊያስወጡ መጥተው ነበር፤ ልጁ ሕግ መማር እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልግም በእናቱ ፊት አንድ በአንድ ሲያስረዳ ሰምተው ማመልከቻቸውን ይዘው ተመለሱ። እርሱም ደግ ነው።

ስለ ጊዜ ሰሌዳው ደግሞ ጥቂት ልጨምር፤ በየዓመቱ ከወላጆች የምንጠየቀው ነውና። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ማጠናከሪያ አንዳንድ ጊዜ እሑድ ጠዋት ላይ ይውላል፤ ልጆቻችንም ከቅዳሴ ይቀራሉ። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ልጁን ከማጠናከሪያው ያስቀሩታል፤ ወይ «ዘንድሮን ብቻ» ብለው ከቤተ ክርስቲያን ያስቀሩታል። ሁለቱም ሳይጠይቁ የሚደረጉ ናቸው። እሑድ በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሴ የሚቀደሰው በጠዋት ነው፤ ልጁ አስቀድሶ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሊማር ይችላል። ትምህርት ቤቱ ይህን የሚያውቀው ሲነገረው ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን ሄዶ ከሚያጉረመርም፣ ስምንት ዐሥር ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው፣ የሚፈልጉትን ሰዓት በጽሑፍ አስፍረው በትሕትና ቢያቀርቡት የተሻለ ይሰማል፤ አስተማሪዎቹም እኮ ብዙዎቹ አስቀዳሾች ናቸው። በሰዓቱ ለውጥ የሚቸገር የሌላ እምነት ተማሪ ወይም ከሩቅ የሚመጣ ልጅ መኖሩንም አስቀድሞ መጠየቅ ከእኛ ይጠበቃል። እናንተም ልጆች፣ ሰዓቱ ከተቀየረላችሁ በኋላ ከቅዳሴም ከትምህርቱም ቀርታችሁ ቀጨኔ ሜዳ ላይ ኳስ ስትጫወቱ ብትገኙ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይሰማንም።

ሊቃውንት ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተርኩትንም ሁላችን እናውቃለን። አባቱ ሲሞት እናቱ ወደ አጎቱ ወደ መምህር ጌዴዎን ወሰደችው። ትምህርት አልገባህ አለው፤ ተገረፈ፤ ሸሽቶም ሄደ። በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ ትሉን አየ፤ ስትወጣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ። ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የእናቱ መውሰድ ባይኖር ከጌዴዎን ደጅ አይደርስም ነበር፤ የመመለሱን መንገድ ግን ማንም አልሄደለትም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም እስከ ዛሬ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ለመሻገር ከየኔታው ፊት ቆሞ ስንብት የሚጠይቀው ተማሪው ራሱ ነው።

የ10ኛ ክፍል ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ቅጹ የሚሞላው ዓመቱ ሲገባደድ ስለሆነ እስከ መስከረም አትጠብቁ። ከግንቦት ልደታ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሠርክ ጉባኤው እንዳበቃ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንና በመምህርነት ከሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ጋር እንቀመጣለን። የልጆቻችሁን የውጤት ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቻችሁንም አትርሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።